የላንቴ እሽቅድምድም ሜዳ ታሪክ፣ በመሥራቹ እጅ የተጻፈ

ስለ ላንቴው የእሽቅድምድም ሜዳ ማወቅ የሚፈልግ ሰው አርባ ምንጭ መጥቶ «ማንን ልጠይቅ?» ቢል፣ ከታች ሲቀላም ከላይ ሴቻም ያለ ሰው ሁሉ ጣቱን ወደ እኔ ቤት ይቀስራል። የማይቀስር ካጋጠማችሁ ወይ ለከተማው እንግዳ ነው፣ ወይ ጋሽ ዳና ነው። ስለ ጋሽ ዳና በኋላ አወራለሁ። ሰውየው ቀድሞ መወራት ስለሚወድ ትንሽ ቢጠብቅ ይበጀዋል።

መጀመሪያ ስለ እኔ። ትምህርት ቤት የገባሁት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ጣሪያውን ቆርቆሮ ለማልበስ። ሚስማር እየመታሁ፣ ከታች መምህሩ የሚያስተምረውን ሁሉ ከላይ ሰማሁ። ጣሪያው ሲያልቅ እኔም ትምህርቴን ጨረስኩ። ልጆቹ ግን እዚያው ቀሩ፤ አንዳንዶቹ ክፍል ደገሙ። ፊደሉን ከሱቅ ማስታወቂያ፣ ሒሳቡን ከቆርቆሮ ልኬት፣ ፖለቲካውን ከሬዲዮ፣ የሞተርን ጠባይ ደግሞ ከድምፁ ተማርኩ። ዛሬ ሞተር በሩቅ ሲያስል ሰምቼ ሕመሙን እነግራችኋለሁ። መድኃኒቱን አላውቅም፤ እሱን ሐኪሙም ሁልጊዜ አያውቀውም።

ወደ ታሪኩ ልግባ። ከአርባ ምንጭ ወጣ ብሎ ባለው ላንቴ፣ ከሙዝ ማሳዎቹ መካከል አንድ አስፋልት አለ። ከዋናው መንገድ ይገነጠልና እንደ ተዘረጋ ቀበቶ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ከዚያ በድንገት ሣር ውስጥ ገብቶ ያልቃል። የሠራው ተቋራጭ ጫፉ ላይ ድልድይ ሊጨምርበት ነበር ይባላል። ድልድዩ ሳይመጣ ተቋራጩ ሄደ። ሲሄድ ትልልቅ የሲሚንቶ ቱቦዎች መንገድ ዳር ጥሎ ረሳ። እነዚህን ቱቦዎች አደራ አትርሱብኝ። መንገዱ ራሱ የትም ስለማያደርስ መኪና አይሄድበትም ነበር፤ ሰው በቆሎውን ያሰጣበታል፣ ዝንጀሮ መጥቶ ይለቅምበታል፣ ሰው ዝንጀሮውን ያባርርበታል። ይኸው ነበር ጥቅሙ፤ እኔ እስክደርስ ድረስ።

አንድ ቀን ጫፉ ላይ ካለ ማሳ ሙዝ ጭነን በልጄ በማቲዎስ ባጃጅ ስንመለስ፣ ታሪኩ የሚባል የማቲዎስ ጓደኛ በራሱ ባጃጅ ከጎናችን መጣ። የጫነው ሁለት በግ ነው። በጎቹ አንገታቸውን አውጥተው እኔን ያዩኛል። ቀስ ብለው ያልፉናል፣ እያለፉም ያዩኛል። በዚህ ዕድሜዬ ሰው እንጂ በግ ንቆኝ አያውቅም። ያኔ ነው ያ ቃል ከአፌ የወጣው፦

«ቅደመው!»

ማቲዎስ ቀደመው። የሙዙ እኩሌታ መንገድ ላይ ተበትኖ ቀረ፣ ሜዳው ግን ተመሠረተ። በሌላው ሳምንት ታሪኩ ቂሙን ሊወጣ በግ ሳይጭን መጣ። በሚቀጥለው ሌሎች ባጃጆች መጡ፤ ከዚያ ሞተር ብስክሌቶች፣ ከዚያ ተመልካች፣ ከዚያ ለተመልካቹ እሸት በቆሎ የምትጠብስ ሴት። አንድ ቦታ በቆሎ የሚጠብስ ሰው ካገኘ ተቋም ሆኗል ማለት ነው።

ወጣቶቹ ኋላ በስልካቸው ሲፈልጉ ጨዋታው ውጭ አገርም እንዳለ አገኙ። ድራግ ይሉታል አሉ። ኩርባ የለውም፣ ዙር የለውም፤ ሁለቱ ከቆሙበት እኩል ይነሳሉ፣ ቀድሞ ጫፍ የደረሰ ያሸንፋል።

«ለካ ኮርጀን ነው፣ አባዬ» አለኝ ማቲዎስ።

«እነሱ ናቸው የኮረጁት» አልኩት።

አሁን ሳቃችሁን ትንሽ ያዙልኝ፤ አንድ ቁም ነገር አለ። ልጆቹ ከዚህ በፊት የሚሽቀዳደሙት ከሴቻ ወደ ሲቀላ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነበር። ጋሪ አለ፣ ከብት አለ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ሰው አለ። ማቲዎስ እዚያ ተገልብጦ እግሩ ተሰበረ፤ እስከ ዛሬ ዝናብ ሲመጣ ከሬዲዮው ቀድሞ እግሩ ይነግረዋል። ያን ጊዜ እናቱ አልጋው አጠገብ ቆማ እንዲህ አለች፦ «ከእንግዲህ ቁልቁለቱ ላይ ስትሽቀዳደም ከሰማሁ የባጃጅህን ቁልፍ ጫሞ ነው የምወረውረው። አዞ ያውጣልህ!» ባለቤቴ የማታደርገውን አትናገርም። ስለዚህ የላንቴው ሜዳ ሲገኝ በቤታችን ሰላም ወረደ። ሜዳው ቢዘጋ ግን ልጆቹ ወዴት እንደሚመለሱ ሁላችንም እናውቃለን። ወደ ቁልቁለቱ።

ስለ ሜዳው መገልገያዎችም ላብራራ፤ ይህ ሁሉ የእኔ ሥራ ነውና። የተመልካች መቀመጫ ከቱቦዎቹ ላይ ነው። የክብር መቀመጫ ከቱቦዎቹ ውስጥ ነው፤ ጥላ አለው፣ ንፋስ ከዚህ ገብቶ በዚያ ይወጣል። ትልቁ ቱቦ የእኔ ጽሕፈት ቤት ነው። ወንበር አስገባሁበት፣ በራፉ ላይ በኖራ «መሥራች» ብዬ ጻፍኩበት። የመድረሻው መስመር የሙዝ ቅጠል የታሰረበት ሲባጎ ነው፤ የበጠሰው አሸናፊ ነው። ሁለቱም እኩል ከበጠሱት ሲባጎው በማን አንገት ላይ እንዳለ ይታያል። ፍሬን እምቢ ላለው ደግሞ ከጫፉ ላይ የሙዝ ግንድ ከምሬያለሁ። የሙዝ ግንድ ውሃ ነው፤ ባጃጅ ሲገባበት «ጭቅ» ይላል እንጂ ማንም አይጎዳም። ልብስ ግን ያበላሻል፤ የሙዝ እድፍን ከሞት በቀር የሚያስለቅቀው የለም። ማስነሻው ባንዲራ ጥቁርና ነጭ ዳማ ነው፤ የባለቤቴ የጠረጴዛ ልብስ ነበር። ባለቤቴ ይህን አታውቅም ነበር።

አሁን የጋሽ ዳና ተራ ደረሰ። ጋሽ ዳና ከመንገዱ በስተቀኝ ሙዝ አለው፣ በስተግራም ሙዝ አለው። ውሃው ግን በስተቀኝ ብቻ ነው የሚመጣለት። ስለዚህ አስፋልቱ መሃል ለመሃል ተቆፍሮ የመስኖ ቦይ እንዲያልፍለት ለወረዳው አመለከተ። ቦዩንም ከወዲሁ እስከ አስፋልቱ ጠርዝ ድረስ ቆፍሮ አምጥቶ ፈቃድ ይጠብቃል። ቦይ ያለው የእሽቅድምድም ሜዳ ደግሞ የመዋኛ ስፍራ ነው። በዚህ ተጣላን። እኔ «የሙዝ አምላኪ» አልኩት፣ እሱ «የጭስ ሽማግሌ» አለኝ። ሰላምታ ተውን። መንገድ ላይ ስንገናኝ እሱ ሰማዩን ያያል፣ እኔ ቆርቆሮ የሚያስፈልገው ጣሪያ እንደሚፈልግ ሰው ሩቅ ሩቁን አያለሁ።

ወረዳው አይቶ የሚወስን ኮሚቴ እንደሚልክ ተነገረን። ቅዳሜ ይመጣሉ። ጨዋታውን ያያሉ፣ ቦዩን ያያሉ፣ እዚያው ይወስናሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ዱንጉዛዬን ለበስኩ፤ ያንን ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለውን የጋሞ የክብር ልብስ። እንግዳ ሲመጣ መሥራች መሥራች መምሰል አለበት። በትሬን ያዝኩ፣ ጢሜን አበጠርኩ፣ መስታወት ፊት ቆሜ ራሴን ሳየው ለኮሚቴው አዘንኩለት።

ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ጽጌ የሚባሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሚሰቅሉ ቆፍጣና ሴት ናቸው።

«አባት፣ እርስዎ እዚህ ምንድን ነዎት?» አሉኝ።

«መሥራች፣ ሰብሳቢ፣ ታሪክ ጸሐፊና አስነሺ።»

«ሌላ ሰው የለም?»

«ሌላ ሰው ለምን ይድከም?»

መገልገያዎቹን አዙሬ አሳየኋቸው።

«መልበሻ ክፍል አላችሁ?»

«ሁሉም ለብሶ ነው የሚመጣው።»

«መጸዳጃስ?»

«ከዚህ እስከ አባያ ድረስ ሙዝ ነው፣ እመቤቴ።»

«የእኔ ሙዝ ነው!» አለ ጋሽ ዳና ከኋላ።

«የመጀመሪያ እርዳታ መስጫ?»

«የተፈጨ ቡና አለ።»

«ለመጠጥ?»

«ለቁስል።»

ወይዘሮ ጽጌ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው በደንብ አዩኝ። «አባት፣ እኔን የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ነው። እነዚህ ልጆች አንዴ ከተነሱ የሚያስቆማቸው አለ?»

«ማስነሳቱን ለእኔ ይተዉት! እንደ እኔ የሚያስነሳ ከዚህ እስከ ኬንያ የለም።»

«ማስነሳቱን አልጠየቅኩም። ማስቆሙን ነው።»

«የለም! ማንም አያስቆማቸውም!» ጋሽ ዳና እንደገና ገባ። «አባታቸውንም አይሰሙ፣ እግዜርንም አይሰሙ! ባለፈው አንዱ ሙዜ ውስጥ ገብቶ...» ብሎ ያ ሙዝ ከተተከለበት ቀን ጀምሮ መተረክ ያዘ። ወይዘሮ ጽጌ አንገታቸውን እየነቀነቁ ይሰሙታል። እኔ የነገሩ አካሄድ አላማረኝም። ቶሎ ጨዋታውን ባሳያቸው ይሻላል ብዬ ወደ መነሻው መስመር ሄድኩ።

ማቲዎስና ታሪኩ ባጃጃቸውን አሰልፈው፣ ሞተር አስነስተው ይጠብቁኛል። ሌሎቹ ከኋላ ተራቸውን ይዘው ያጓራሉ። ሕዝቡ በግራና በቀኝ ሞልቷል። ጽሕፈት ቤቴ ገብቼ ባንዲራዬን ልይዝ እጄን ስሰድ፣ የለም።

«ማቲዎስ! ባንዲራው የት አለ?»

«እማዬ ጠዋት መጥታ ወሰደችው፣ አባዬ! ለጸሎት ቤቱ ሴቶች ምሳ የጠረጴዛ ልብስ አጥታ ስትፈልገው ነው ያገኘችው። ልታጥበው ሄዳለች። ኋላ ትመጣለች፣ ጠብቀኝ በለው ብላለች።»

ጠብቀኝ የሚለው ቃል ከባለቤቴ ሲመጣ ምን ማለት እንደሆነ ያገባ ሰው ያውቃል። አሁን ግን ለእሱም ጊዜ የለም። ኮሚቴው እያየ ነው፣ ሞተሩ ነዳጅ እየጠጣ ነው። በምን ላስነሳቸው? ኪሴ ውስጥ ቀይ መሐረብ አለ። ግን እኔ መሃይም አይደለሁም! አዲስ አበባ የሄድኩ ጊዜ ትራፊክ መብራት ስር ቆሜ አጥንቻለሁ፤ ፖሊሱ መጥቶ «አባት፣ ጠፍተው ነው?» እስኪለኝ ድረስ ከዚያ አልተነቃነቅኩም። ቀይ ማለት ቁም ነው። ቢጫ ማለት አስብ ነው። አረንጓዴ ማለት ሂድ ነው። የሚያስፈልገኝ አረንጓዴ ነው!

ዞር ስል ከጋሽ ዳና ቦይ ዳር፣ ውሃ የጠገበ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጉልበት የሚደርስ እርጥብ ሣር አየሁ። እንዴት ያለ ጭንቅላት ነው የሰጠኝ ብዬ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ። ወረድኩ፣ በሁለት እጄ ሙሉ ነጨሁ፣ አስፋልቱ መሃል ቆምኩ፣ ሣሩን ከራሴ በላይ አንሥቼ «ሂዱ!» ለማለት አፌን ከፈትኩ።

ማቲዎስ ሞተሩን አጠፋ።

ታሪኩም አጠፋ። ከኋላ ያሉትም አንድ በአንድ አጠፉ። እንዲያ ያጓራ የነበረ ሜዳ የሙዝ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ይሰማበት ጀመር።

«ምን ሆናችሁ? ተነሱ እንጂ!» ብዬ ሣሩን ነቀነቅኩት።

ልጆቹ ከባጃጃቸው ወረዱ።

«ፍጠኑ! ፍጠኑ!» ብዬ ይበልጥ ነቀነቅኩት። ልጆቹ ተንበረከኩ። እኔ በነቀነቅኩ ቁጥር ሰው ይንበረከካል። ቱቦ ላይ የተቀመጠው ሕዝብ ወርዶ መሬት ተቀመጠ። በቆሎ ጠባሿ በቆሎው አርሯል ከሚላት ሰው ጋር ክርክሯን ትታ እጁን ጨበጠችው። በዋናው መንገድ የሚያልፍ ባለጋሪ ሳይቀር ጋሪውን አቁሞ ባርኔጣውን አወለቀ። በዚያ ሁሉ ሜዳ ላይ የተንቀሳቀሰ አንድ ዝንጀሮ ብቻ ነው፤ ቀስ ብሎ አስፋልቱን ተሻገረ፣ ከበቆሎ ጠባሿ እሸት አነሣ፣ ቀስ ብሎ ተመለሰ። ባህል አልተማረም፣ ምን ታደርጉታላችሁ?

«አንተ ሰውዬ» የሚል ድምፅ ከጀርባዬ መጣ። ባለቤቴ ናት። የታጠበው የጠረጴዛ ልብስ ክንዷ ላይ ተንጠልጥሏል። «በእጅህ የያዝከው ምንድን ነው?»

«አረንጓዴ ነዋ!»

«ሣር ነው» አለች ቀስ ብላ።

ቀና ብዬ እጄን አየሁት። ሣር ነው።

እዚህ ላይ ለሩቅ አገር አንባቢ መንገር አለብኝ። በጋሞ ምድር ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ በሰው ፊት ከቆመ ነገር ሁሉ ያበቃል። ጦር የመዘዘ ይመልሳል፣ ድንጋይ ያነሣ ይጥላል፣ የተጣላ ይታረቃል። ሣር ተይዞ እምቢ ያለ ሰው የለም፤ ሣርን ተሻግሮ የሚሄድ የለም። ይህን የማውቀው ከማንም በላይ እኔ ነኝ፤ ጨንቻ ተወልጄ ያደግኩ፣ ሰው ሲታረቅ ከአባቴ ጎን ቆሜ ያየሁ። ግን ትራፊክ መብራቱ አእምሮዬ ውስጥ በርቶ ነበር። ብዙ ዕውቀት እንደ ብዙ ጭነት ነው፤ አንዱ ሲወጣ ሌላውን ይጥላል። ዱንጉዛ የለበሰ ሽማግሌ፣ ሣር በሁለት እጁ፣ በወጣቶች ፊት። ሞተር እንዴት ይነሣ?

«ተሳስቼ ነው» ልል ነበር። እውነቴን ነው፣ ይህን ቃል ልል ምላሴ ተዘጋጅታ ነበር፤ ስላልለመደችው ዘገየች። እሷ ስትዘገይ ጋሽ ዳና ሕዝቡን እየሰነጠቀ መጣ። ፊቱ ተለውጧል።

«ከእኔ ቦይ ዳር ስትነጭ አይቼሃለሁ» አለኝ።

«ዳና፣ እኔ...»

«የእኔን ሣር ይዘህ በሕዝብ ፊት ቆምክ። ከእኔ ጋር ለመታረቅ።» ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እንደ አንተ ያለ ኩራተኛ ሰው! እኔ እንኳን አላደረግኩትም። ትሑት ሰው ነህ ለካ!»

ወዳጆቼ፣ በሕይወቴ ብዙ ተብያለሁ። ትሑት ተብዬ ግን አላውቅም። ቃሉ አዲስ ጫማ ሆነብኝ፤ ያምራል፣ ግን ይቆነጥጣል። ባለቤቴን አየኋት። ሳቋን ለመደበቅ የጠረጴዛ ልብሱን አፏ ላይ አድርጋለች።

«አዎን» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ተቃቀፍን። ሣሩ መሃላችን ተቀመጠ፣ እኛ ፊት ለፊት መሬት ላይ ተቀመጥን። ሣር መሃል ካለ ደግሞ መካሰስ የለም፤ መስማማት ብቻ ነው። «ውሃ እፈልጋለሁ» አለ ዳና። «መንገድ እፈልጋለሁ» አልኩ እኔ። ወይዘሮ ጽጌ እንደ ሁሉም ሰው መሬት ተቀምጠው ሲያዳምጡ ቆይተው፣ «ቦዩ መሃል ላይ ከሚቆርጠው በመድረሻው ጫፍ፣ ከሙዝ ግንዱ ወዲያ ቢያልፍስ? በቱቦ፣ ከአስፋልቱ ሥር» አሉ።

«ቱቦ ከየት ይመጣል?» አለ ዳና።

ሕዝቡ በሙሉ ዞሮ ጽሕፈት ቤቴን አየ። እኔ ሰማዩን አየሁ።

«ትልቁ ይበቃዋል» አለ ታሪኩ። ይህ ልጅ ከበጎቹ ቀን ጀምሮ አይወደኝም።

በሣር ፊት እምቢ አይባልም። ወንበሬን አወጣሁ። «መሥራች» የሚለው ጽሑፍ እንዳለ ቱቦው እየተንከባለለ ሲሄድ፣ ስሜ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች ሆኖ አየሁት። ማቲዎስ አጠገቤ ቆሞ ትከሻዬን ያዘኝ። «አባዬ፣ ቁልፌ ጫሞ ከመግባት ተረፈ» አለኝ። ይህን ሲለኝ ቱቦው ትንሽ አነሰብኝ።

ወይዘሮ ጽጌ ከመሄዳቸው በፊት ውሳኔያቸውን ተናገሩ። «የሚያስቆማቸው አለ ወይ ብዬ ጠይቄ ነበር። መልሱን አይቻለሁ፤ ሜዳው ይቆይላቸው። ያለ ራስ ቁር ግን ማንም እንዳይወጣ።»

«ሣሩም ለጨዋታ እንዳይነሣ» አለ ዳና። «አስነሺም ይቀየር።»

አስነሺነቱን ለማን እንደሰጡት ታውቃላችሁ። የጠረጴዛ ልብስ ላላት።

እኔ አሁን የማቆሚያው ኃላፊ ነኝ። ይህ ሹመት ዝቅ ማለት የሚመስለው ካለ ስለ ሞተር የማያውቅ ሰው ነው። ማንም ያስነሳል፤ ባለቤቴም ታስነሳለች። ማስቆም ነው ትልቁ ነገር። ወንበሬን ከጫፉ ላይ፣ ከሙዝ ግንዱ አጠገብ ተክያለሁ። ውሃው ከሥሬ፣ በቀድሞ ጽሕፈት ቤቴ ውስጥ ሲያልፍ ይሰማኛል። ዳናም ግራውን ሙዝ ሊያይ እየመጣ አጠገቤ መቀመጥ ለመደ። መጀመሪያ ጆሮውን ይዞ ነበር የሚቀመጠው፤ ኋላ አንዱን ጆሮ ለቀቀ፣ ከዚያ ሁለቱንም።

ባለፈው ቅዳሜ ባለቤቴ ዳማውን ልብስ ከፍ አድርጋ ጣለች። ማቲዎስና ታሪኩ ተነሱ። ታሪኩ በትንሽ መራ። ይኼኔ ዳና፣ ያ የሙዝ አምላኪ፣ ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ፣ ባርኔጣውን እያውለበለበ ጮኸ፦

«ቅደመው! ቅደመው ማቲ!»

ማቲዎስ ቀድሞ ሲባጎውን በአንገቱ ይዞ የሙዝ ግንዱ ውስጥ ጭቅ ብሎ ገባ። ዳና እኔን ዞሮ አየኝ። «አየህ?» አለኝ። «እኔ ባልጮህ ተሸንፎ ነበር። እውነቱን ለመናገር ይህን ሜዳ ያቋቋምነው እኔና አንተ ነን።»

ይህንኑ አሁን በየገበያው ያወራል። እንግዳ ሲመጣም ቀድሞ ይቀበለዋል፣ ከቱቦው ውሃ ጀምሮ ያስጎበኘዋል። አፌን ከፍቼ ስንት ነገር ማለት በቻልኩ። ግን በእኔና በእሱ መሃል ሣር አለ፤ ራሴ ነጭቼ፣ ራሴ ያስቀመጥኩት። በሣር ከታረቁት ሰው ጋር መልሶ መናገር ነውር ነው። ስለዚህ ዝም ብያለሁ። አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

መጻፍ ደግሞ መናገር አይደለም።